በዘፈኑ መሃል የገባው ድምፄ

የመስቀል ሰሞን ነው። ከገበያ ስመለስ ጉልበቴ እምቢ አለኝና ባጃጅ ያዝሁ። ነጂው ገመቹ የሰፈራችን ልጅ ነው። «አዮ የሺ፣ አከም ጂርታ?» ብሎ ዘንቢሌን ተቀብሎ ከኋላ አስቀመጠልኝ። አዮ ማለት በዚህ አገር እናት ማለት ነው፤ ያልወለድኋቸውም እንዲያ ነው የሚጠሩኝ፣ ለምጄዋለሁ። ሙዚቃ ከፍቷል። እኔ ሙዚቃ ብዬ ከሰማሁ ዘመን አለው፤ በየመንገዱ ይጮሃል፣ እኔም አልፋለሁ፣ እሱም ያልፋል። ወደ መናኸሪያው የሚያወርደውን ቁልቁለት ስንጀምር ግን አንዲት ሴት በኦሮምኛ ስለ ዴዴሳ ወንዝ ስትዘፍን፣ ከመሃል ሌላ ሴት ጥልቅ አለችና «ጀልባ ሙዚቃ ቤት! ነቀምቴ!» ብላ ወጣች። ያቺ ጥልቅ ያለችው እኔ ነኝ።

«ይቺ እኔ ነኝ» አልሁት።

«የትኛዋ?»

«የምትጮኸው።»

ገመቹ በመስተዋቱ አየኝ። «አዮ፣ ፀሐዩ ከበደሽ መሰለኝ። ይሄን እኮ በስልክ የማያሾፍበት የለም። ሰው ወሬ ሲያበዛባቸው ልጆቹ መሃል ገብተው ‹ጀልባ ሙዚቃ ቤት! ነቀምቴ!› ይሉታል። እኔንም አባቴ ዕቁብ ሰብሳቢው ፊት ብሎኛል።»

«እኔ ነኝ እያልሁህ።»

«እስቲ በይዋ።»

አልሁለት። ድምፄ ሻክሯል፣ ከፊት ጥርሴም የቀረው ጥቂት ነው፤ ብቻ የነቀምቴን መጨረሻ የምስባት ያው እንደ ድሮዬ ናት። ገመቹ ባጃጇን ዳር አስይዞ አጠፋት። «ያ ዋቅ» ብሎ ፈጣሪውን ጠራ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ ወዲያ እንደ ትልቅ ሰው ነው የተናገረኝ። አንዲት ጉቴ ከተማ የምትሠራ ነርስ፣ ዘፈኑ በተለጠፈበት ሁሉ ሥር «የዚህችን ሴት ድምፅ የምታውቁ» እያለች ስትጽፍ ወራት አልፏታል አለኝ። ስልክ ቁጥሯንም አስቀምጣለች። እዚያው ቆመን ደወለላትና ስልኩን ጆሮዬ ላይ አስደገፈው።

«ሌንሴ እባላለሁ» አለች። ድምፅዋ የደከመ ሰው ድምፅ ነው፣ የሥራ ድካም። «ዘፋኟ፣ ብርቂቱ፣ እናቴ ናት። እኔ አላውቃትም። ስትሞት ገና ጡት አልጣልሁም ነበር። ሦስተኛው ስንኝ ላይ የእርስዎ ድምፅ ገብቶ የሸፈነው ነገር አለ። ምን እንዳለች ማወቅ እፈልጋለሁ። ሲቀረጽ እርስዎ እዚያ ነበሩ?»

«ነበርሁ።»

«ያስታውሱታል?»

«ነይ እስቲ» አልኋት። ቅዳሜ እመጣለሁ አለች።

ዘፈኑ እንዲህ ነው። ዴዴሳ ሞልቷል። ሰውየው ከማዶ ነው፣ ሴትዮዋ ከወዲህ። ሁለት ስንኝ ሙሉ ውሃውን ትወቅሰዋለች፣ እንደ ሰው። በሦስተኛው፣ ውሃስ አያስፈራኝም፣ ዋና አውቃለሁ፣ የያዘኝ ግን፣ ትላለች፤ እዚህ ላይ ነው እኔ ሱቃችንን ይዤ የምገባው። እኔ ስወጣ እሷ፣ እስኪጎድል እቀመጣለሁ፣ ብላ ትጨርሳለች። የያዛት ምን እንደሆነ ከእኔ ድምፅ ሥር ቀርቷል። እስከ ቅዳሜ ድረስ ያንን ስፈልግ ሰነበትሁ። ሰው የጠፋ መርፌ ሲፈልግ የማይፈልገውን ሁሉ እንደሚያገኝ፣ እኔም ሌላ ሌላውን ሁሉ አገኘሁት፣ ያን ብቻ አጣሁት።

ድምፅሽን ከስንት ዘመን በኋላ ስትሰሚ ምን አለሽ ብላ የጠየቀችኝ ጎረቤት አለች። ምንም አላለኝም። ተርፋሳ፣ ባለቤቴ፣ ከሞተ ወዲህ ነገር ሁሉ ከግድግዳ ማዶ ያለ ይመስለኛል። ሰው ሲስቅ መሳቁን አያለሁ። ልቅሶ ቤት እሄዳለሁ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ እቀመጣለሁ፣ እንባ ግን አይመጣም። እግር ተቀምጠውበት ሲደነዝዝ እንዳለው ነው፤ የራስ መሆኑ ይታወቃል፣ ሲነኩት ግን የሌላ ሰው ነው። በዚያ ባጃጅ ውስጥ ስትጮህ የሰማኋትን ልጅም እንዲያ ነው የሰማኋት። ጥርሷ ሙሉ ነው፤ ፈጥና ትናገራለች። የት እንደምትኖር ባውቅም የማልጠይቃት ሰው።

ጀልባ ስል፣ እኔ ጀልባ የሚባል ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ተርፋሳም አላየ። በወጣትነቱ የከባድ መኪና ረዳት ሆኖ አሰብ ድረስ ወርዶ ነበር። የወደቡ ዘበኛ አላስገባም ብሎት፣ ከአጥሩ ውጭ ጎማ ሲፈታ ሲያስር ውሎ ተመለሰ። «መርከብ አየህ ወይ?» ሲሉት «ጭሱን አይቻለሁ» ይላል፣ አፍሮም አይደለም። ከዚያ ያመጣው አንድ ካርቶን ሳርዲን ነው። የቆርቆሮው ክዳን ላይ ሸራዋን የወጠረች ጀልባ አለች። ሳርዲኑ ለሠርጋችን ተበላ፣ ክዳኑ ግን ታጥቦ መስኮት ላይ ተቀመጠ። በኋላ ሙዚቃ ቤት ሲከፍት፣ ያኔ የነበሩት ሙዚቃ ቤቶች ሁሉ በወንዝ ወይ በተራራ ወይ በልጃቸው ስም ነበር የሚጠሩት፣ እሱ «ውሃ በሌለበት ኮረብታ ላይ ጀልባ ያለው እኔ ብቻ ልሁን» አለ። ሠዓሊው የአውቶቡስ ጎን የሚጽፍ ሰው ነበር። ክዳኑን አገላብጦ አየና «ጎማው የት ነው?» አለው። ጎማ የለውም ሲለው ቅር እንዳለው ሠራው፤ ብቻ እጁ የለመደውን አልተወም፣ መስኮት በመስኮት አደረገውና በጎኑ ስፖኪዮ ሰቀለለት። እንዲያ ሆኖ ቀረ። ጫማ ሰፊ ዘንድ ሄደን ያንኑ ከአሮጌ የጎማ ሶል አስቀርጸን ማህተም አደረግነው። በእያንዳንዱ ካሴት ላይ እኔ ነኝ የምመታው፣ ሐምራዊ ቀለም፣ ጣቴ እስከ እሑድ አይለቅም። አንድ ጊዜ ግምቢ ውስጥ የእኛን አስመስለው ማህተም አስቀረጹ። የእነሱ ግን ትክክለኛ ጀልባ ሆነ፣ አንድ የተማረ ሰው ሠርቶላቸው ይሆናል። ገዢው እየገለበጠ «ስፖኪዮ የለውም፣ ይሄ የተርፋሳ አይደለም» እያለ መለሰላቸው።

ያኔ ካሴት መግዛት ቀላል ነገር አልነበረም። ሙሉ ካሴት ስድስት ብር ነው፣ ለወዳጅ አምስት ተኩል። በስድስት ብር ያን ጊዜ አንድ ደህና ዶሮ ከነቅመሙ ቤት ይገባ ነበር፤ ስለዚህ ሰው ካሴት ሲገዛ እንደ ዶሮ ነው የሚመርጠው፣ ያነሳል፣ ይመዝናል፣ ጆሮው ላይ ያንቀጫቅጫል። ወንዶቹ ጠጉራቸው ተንጨፍርሮ፣ ሱሪያቸው የነቀምቴን ቀይ አፈር እየጠረገ ይመጣሉ። ሴቶቹ የናይለን ቀሚስ፣ ክረምት ላይ ኮንጎ ጫማ። የላስቲኩ ሽታ ከካሴቱ ሽታ ጋር ሲቀላቀል፣ ዛሬም አዲስ የፕላስቲክ ባልዲ ሳሸት ያ ሱቅ ነው የሚመጣብኝ። ሽታው ይመጣል፣ ሌላ ነገር ግን አብሮት አይመጣም። ሾፌሮቹ ሲሬና ባኮ ድረስ የሚያደርስ፣ አዲስ አበባ የሚያስገባ እያሉ በመንገድ ልክ ይጠይቃሉ። ተርፋሳም «ይሄ እስከ ሲሬ ያስቃል፣ ከሲሬ ወዲያ ያስለቅሳል» እያለ ይሸጥላቸዋል። ክሩ ሲጠላለፍ በቢክ እስክሪብቶ እጠቀልላለሁ። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። አባቴ ከወሎ የመጣ ሰው ነው፣ ለሴት ልጅ ፊደል ምን ያደርግላታል የሚል። ፊደል የቆጠርሁት ከካሴት ጀርባ ነው፤ ይሄ የማን ነው፣ ያ የማን ነው እያልሁ፣ በስዕሉ እየገመትሁ። ለዚህ ነው ዛሬም ስጽፍ ፊደሎቼ የሚጠቡት፣ ለጠባብ ወረቀት ነው የተማርኋቸው።

መቅረጽ የጀመርነው ሌላው ሲቀርጽ አይተን ነው። ከሱቁ ጀርባ ያለችውን ክፍል ግድግዳዋን በብርድ ልብስ ሸፈንን፣ መስኮቷን በፍራሽ። ክረምት ላይ አይቻልም፣ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲወርድ ዘፋኙ ቢጮህም አይሰማም። ስለዚህ ዘፋኞች ሁሉ መስቀል ሲያልፍ ነው የሚመጡት፣ ከቢላ፣ ከሲሬ፣ ከአርጆ፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው። ያለን አንድ ማይክና አንድ መቅረጫ ነው። ከተማ ላይ ያሉት ነጋዴዎች የእኛን ካሴት ገዝተው፣ አባዝተው፣ የራሳቸውን ወረቀት ለጥፈው ይሸጡት ነበር። ወረቀት ይላጣል፣ ማህተምም ካሴቱ ላይ እንጂ ዘፈኑ ላይ አይመታም። ተርፋሳ ስንት ቀን ሲያስብ ሰነበተና «ዘፈኑን ራሱን እናትመዋለን» አለ። የእሱ ድምፅ ጎርናና ነው። «የወንድ ድምፅ ሰው ይለምደዋል፤ የሴት ድምፅ ሌባ ያስደነግጣል» ብሎ እኔን አቆመኝ። ዘፋኙ ሲዘፍን እኔ ከማይኩ በስተቀኝ እቆማለሁ። ተርፋሳ እጁን ያነሳል። እጁ ሲወርድ «ጀልባ ሙዚቃ ቤት! ነቀምቴ!» እላለሁ፣ ወደ ኋላ እላለሁ። እጁን የሚያነሳው ዘፈኑ የጣፈጠበት ላይ ነው። ሕጉ ይኸው ነበር። ዳር ላይ ከሆነ ሌባ ይቆርጠዋል፤ ጣፋጩ ላይ ከሆነ ቢቆርጠው ዘፈኑ ይሞትበታል፣ ባይቆርጠው ስማችን አብሮ ይሄዳል። ዘፋኞቹ ያጉረመርሙ ነበር። አንዱ «ተርፋሳ፣ የማር እንጀራዬ ላይ ምስማር መታህብኝ» ብሎታል። እሱም «ማሩ እንዳይሰረቅህ ነው፣ ወንድሜ» አለው። አሁን የሚሰማ ሰው ሞኝነት ይለው ይሆናል። እኛ ግን በደንብ አስበን ነበር የምናደርገው።

ብርቂቱ ከቢላ የመጣች ቀን ቢጫ ቀሚስ ነው የለበሰችው፣ አረንጓዴ ሻሽ። ቀሚሱ ከአዲስ አቡጀዲ ነው፣ ራሷ አስነክራው ይመስላል፣ በብብቷ በኩል ቀለሙ ወይቧል። ልጅ ይዛለች። ባልየው ወደ ማዶ፣ ወደ በደሌ ለሥራ ሄዶ የቀረ ነው አሉ፤ ያኔ የሄደ ሰው ብዙ ነበር፣ ወዴት ተብሎ አይጠየቅም። ክራር የሚመታ አንድ ዝምተኛ ሰው አብሯት መጥቷል። ልትጀምር ስትል ልጅቱ አለቀሰች። ጡት ሰጠቻት፣ ዝም አለች፤ ማይኩ ጋ ስትቆም አለቀሰች። ተርፋሳ «ይቺም ልትቀረጽ ነው የመጣችው መሰለኝ» አለ። ተቀብዬ በነጠላዬ አዘልኋት። እሹሩሩ እያልሁ ወዲያ ወዲህ አልሁ፣ ከዚያ ቦታዬ ቆምሁ። ዘፈነች። በአንድ ጊዜ ነው ያለቀው፣ አልተደገመም። ካሴቱ በዚያ ዓመት ከሁሉ በላይ ሄደ። እሷ ግን ገንዘቧን ይዛ እንኳ ብዙ አልሰነበተች። ለሠርግ ዘፈን ብለው ዴዴሳ በረሃ ወስደዋት፣ ወባ ይዛ ተመለሰች፣ ከረመች፣ ሞተች። ለእኛ የነገረን ሾፌር ነው፣ ካሴት ሊገዛ ቆሞ። የእሷኑ ካሴት ነበር የሚገዛው። ጠቅልዬ ሰጠሁት።

ይሄን ሁሉ አገኘሁ፣ እስከ ቅዳሜ። የሻሿን ቋጠሮ አገኘሁት፣ የብብቷን ወይባ አገኘሁት። ያለችውን አላገኘሁም።

ቅዳሜ ከሰዓት ሌንሴ መጣች፣ ገመቹ ነው ያደረሳት። ጃንጥላ ይዛለች፣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ነው የገባችው። ዓርባን ያለፈች ሴት ናት። እናቷን ትመስል እንደሆነ አየሁ፣ ግን የብርቂቱ ፊት ከእኔ ሄዷል፣ ልብሷ ብቻ ነው የቀረው፣ እንደ ሽቦ ላይ የተሰጣ። «ነጋዳ? ኢጆሌን ፈያዳ?» ተባባልን፣ ልጆቿም ደህና ናቸው። የተቀቀለ በቆሎ አቀረብሁላት። አንዱን አንስታ በእጇ ይዛው ቀረች።

«ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፣ ሲሬ» አለች። «ጌታን የተቀበለች ሴት ናት፣ ዘፈን የሚባል እቤታችን አይገባም። እናትሽ ዘፋኝ ነበረች ተብዬ አላውቅም። ስትናደድ ብቻ አንድ ነገር ትለኛለች።»

«ምን ትልሻለች?»

«‹አንቺ ነሽ የያዝሻት› ትለኛለች። ‹አንቺ ባትኖሪ እዚህ አትቀርም ነበር፣ ትሻገር ነበር›። ወዴት እንደምትሻገር አላውቅም። ልጅ ነኝ፣ ሰው ገደልሁ ብዬ ነው የማስበው። ከዚያ ዘንድሮ አንድ ሠርግ ላይ፣ ጉቴ፣ ይሄን ዘፈን ከፈቱት። አንዲት አሮጊት ‹ውይ፣ የብርቂቱ› ብላ ስታለቅስ ‹የየትኛዋ ብርቂቱ?› አልኋት። የቢላዋ አለችኝ። የእናቴ ስም፣ የእናቴ አገር። ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ‹ዋና አውቃለሁ፣ የያዘኝ ግን› ትላለች።» በእጇ የያዘችውን በቆሎ አዞረችው። «ከዚያ እርስዎ።»

«ከዚያ እኔ።»

«ሸክሜ ናት ብላ ይሆናል። እግር ብረቴ ብላም ይሆናል። እኔ እንዳይከፋኝ ብለው አይለውጡት፣ አዮ የሺ። የሰሙትን ይንገሩኝ ብቻ። በዚህ ዕድሜዬ የምፈልገው ማወቅ ነው።»

ልዋሽላት እችል ነበር። አንዲት ቃል ናት የምትበቃው፣ «ልጄ ናት የያዘችኝ፣ ዓይኔ» ብል ዜማውም ይቀበለዋል፣ ሄዳ በሰላም ትተኛ ነበር። ደግ ሴት ብሆን ያን አደርግ ነበር መሰለኝ። ለመዋሸትም ግን ልብ ይፈልጋል፤ የእኔ ልብ እዚያ ድረስ አልተነሳልኝም።

«አላስታውስም» አልኋት። «አጠገቧ ቆሜ አልሰማሁም። የምጠብቀው የተርፋሳን እጅ ነው። እጁን ካላየሁ ያልፈኛል፣ ካለፈኝ ካሴቱ ይበላሻል። ዘፋኝ ሁሉ ለእኔ እንደዚያ ነበር፣ አፋቸው ሲንቀሳቀስ ነው የማየው።»

ራሷን ነቀነቀች። ነርሶች ክፉ ነገር ሲነግሩም ሲነገራቸውም እንዲህ ነው የሚነቀንቁት፣ ተርፋሳ የታመመ ጊዜ አውቄዋለሁ። ከዚያ ስልኳን አወጣች። አዲስ አበባ አንድ ስቱዲዮ ወስዳው እንደነበር ነገረችኝ። ሁለቱ ድምፅ በአንድ ማይክ ስለገባ አይላቀቅም ብለዋታል፤ ሞክረው የሰጧትን ከፈተችልኝ። የእኔን ሲያወጡት የእሷም አብሮ ወጥቶ፣ የቀረው ውሃ ውስጥ የሚያወራ ሰው ነው።

«የመጀመሪያውን ክፈቺው» አልኋት። «አስጩሂው።»

ሰማን። ክራሩ፣ ውሃው፣ ዋና አውቃለሁ፣ የያዘኝ ግን። ጀልባ ሙዚቃ ቤት።

«መልሺው።»

መለሰችው። ከእኔ በፊት፣ እኔ ከመግባቴ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ የብርቂቱ ድምፅ ይደክማል። «የያዘኝ» ላይ ቅርብ ናት፣ «ግን» ላይ ሩቅ ናት።

«እሱ ካሴቱ አርጅቶ ነው አሉኝ» አለች ሌንሴ።

«ክራሩስ ይደክማል?»

ጆሮዋን ስልኩ ላይ አድርጋ ደግማ ሰማች። «ክራሩ ያው ነው» አለች። ቀና ብላ አየችኝ።

ከዚያ የመጣልኝ ነገር የተርፋሳ ቁጣ ነው። ለብዙ ዘመን ያላሰብሁት። ያን ቀን ዘፋኟ ከሄደች በኋላ የመቅረጫውን ገመድ እየጠቀለለ ሲነጫነጭ ነበር። «ዘፋኝ ፊቷን ከማይክ አታዞርም» ይላል። «ስትዘፍን ዞር ማለት ምን የሚሉት ነው? ቀዳዳ ትታብኝ ሄደች፣ በአንቺ ደፈንሁት።» እጁን ያነሳው ጣፍጦት አልነበረም። ብርቂቱ ከማይኩ ዞራ ድምፅዋ ቢጠፋበት ጊዜ ነው ቶሎ ብሎ እኔን ያስገባኝ። ይሄን ለሌንሴ እንዳለ ነገርኋት።

«ወዴት ነው የዞረችው?»

«እኔ በስተቀኟ ነበርሁ። ክራር መቺው ከኋላዋ፣ ተርፋሳ ከፊቷ። በግራዋ ፍራሽ የተደገፈበት መስኮት ነው።» ቀስ ብዬ አሰብሁ። «ወደ እኔ ነው። ወደ እኔ ካልሆነ ወደ ፍራሹ ነው። አንቺ ጀርባዬ ላይ ነበርሽ።»

ሌንሴ በቆሎውን ሳህኑ ላይ መለሰችው። «ፊቷን አዩት?»

«አላየሁም።»

«ስቃ ነበር? አኩርፋ?»

«አላየሁም፣ ልጄ። አየሁ ብልሽ ውሸት ነው፣ ዓይኔ እጁ ላይ ነበር።» ከዚያ ግን ጀርባዬ አስታወሰ። እንዴት ብዬ እንደምጽፈው እንጃ፤ እኔ አላስታወስሁም፣ ጀርባዬ ነው። «አንቺ ግን ተነሳሽ» አልኋት። «ተኝተሻል ብዬ ነበር። በሁለት እግርሽ ጎኔን ረግጠሽ በትከሻዬ ላይ ወጣሽ፣ እጅሽን ሰደድሽ። ወደ እሷ ነው። ሚዛኔን ስቼ ጠረጴዛውን ያዝሁ። የተርፋሳ እጅ የወረደው ያኔ ነው፣ እንደዚያ ሆኜ ነው የተናገርሁት። ስሚው፣ ‹ነቀምቴ› ስል ድምፄ ይንገዳገዳል።»

ከፈተችው። ይንገዳገዳል። ስንት ሰው ሲያሾፍበት የከረመው መንገዳገድ።

ደጅ ገመቹ ባጃጁን እየወለወለ ከጎረቤት ልጅ ጋር ይከራከራል።

«እንግዲያ ሸክም አላለችኝም» አለች ሌንሴ።

«እሱን አላውቅም» አልኋት። «ሰው ሸክሙንም ዞሮ ያያል።»

ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ሌላ አሮጊት ብትሆን አትለውም ነበር። ሌንሴ ግን አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። ጣቷን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

«ይሁን» አለች። «ዞራ አይታኛለች።»

ስልኩን አንስታ፣ ድምፁ መራቅ ከሚጀምርበት እየመለሰች ደጋግማ ሰማችው። እኔ ስገባ አላጠፋችውም።